«ራስተራይዝ ማድረግ» ምንድን ነው?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ዲዛይን ከምሠራበት ኮምፒውተር ፊት አንድ መሪጌታ ተቀምጠዋል። የልጃቸውን ሠርግ ባነር ሊያሳትሙ ነው። ዲዛይኑን ሌላ ሰው ሠርቶላቸው በፍላሽ ይዘውት መጥተዋል። ፋይሉን ስከፍተው ጠጋ ብለው አዩና ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ።

«የኔ ልጅ፣ ሥርዐት በንጉሡ ሠ፣ በዐይኑ ዐ ነው። ይሄ በእሳቱ ሰ፣ በአልፋው አ ተጽፏል። አስተካክለው።»

የቅኔ ቤቶቹን ዋሸራንና ዲማን ባቀፈ አገር የፊደል ስህተት ዝም ተብሎ አይታለፍም። የጽሑፍ መሣሪያውን አንስቼ ፊደሉን ጠቅ አደረግሁ። ከርሰሩ አልገባም። ይልቅስ አዲስ ባዶ ጽሑፍ ከፈተልኝ። ቃሉ ስክሪኑ ላይ ይነበባል፤ ለኮምፒውተሩ ግን ቃል መሆኑ ቀርቷል። ራስተራይዝ ተደርጓል።

ፎቶሾፕ ላይ የምንተይበው ፊደል መጀመሪያ ቬክተር ነው። የሚቀመጠው በነጥቦችና እነሱን በሚያገናኙ ኩርባ መስመሮች ስሌት ነው። ስሌት ስለሆነ ብትለጥጠው ጠርዙ አይበላሽም፤ ፊደሉንም መቀየር ትችላለህ። ራስተራይዝ ስታደርገው ስሌቱ ይጠፋና በቦታው የፒክስል ድርድር ይቀራል፤ ይሄኛው ነጥብ ቀይ፣ ያኛው ነጭ እያለ።

«ራስተር» የሚለው ቃል የመጣው ከላቲኑ «ራስትረም» ነው። ጥርስ ያለው የአፈር መቧጠጫ ማለት ነው። ለእኛ ለጎጃሞች ምሳሌው ሩቅ አይደለም። የታረሰ የጤፍ ማሳ ትልም በትልም እንደሚታየው፣ ራስተር ምስልም መስመር በመስመር የተደረደረ ነው። ልዩነቱ፣ ገበሬ ትልሙ ጫፍ ሲደርስ በሬዎቹን አዙሮ ይመለሳል። ራስተር ግን እያንዳንዱን መስመር ከዚያው ከአንዱ ጠርዝ ይጀምራል።

ታዲያ ሰው ለምን ያደርገዋል? አንዳንዴ ፎቶሾፕ ራሱ ይጠይቃል። ጽሑፍ ላይ በብሩሽ ልቀባ ካልክ መጀመሪያ ራስተራይዝ አድርገው ይልሃል። እኛ ዘንድ ግን ዋናው ምክንያት ፎንት፣ ማለትም የፊደሎቹን ቅርጽ የያዘው ፋይል ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው፣ ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደል መለያ ቁጥር ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዩኒኮድ ውጭ የተሠሩ የድሮ ፎንቶች ዛሬም በየማተሚያ ቤቱ አሉ። በእነሱ የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ስትከፍት አማርኛው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። ይህን የሚፈራ ዲዛይነር «ራስተራይዝ አድርገህ ላከው» ይባላል፤ ይልካልም።

እኔ ይህን ምክር አልወደውም። አንድ የቢዝነስ ካርድ እንውሰድ፤ ወርዱ 9 ሴንቲ ሜትር። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ራስተራይዝ ሲደረግ ወደ ጎን 1,063 ፒክስል ያህል ይኖረዋል። ይኸው ፋይል 3 ሜትር ባነር ላይ ሲለጠጥ እያንዳንዱ ፒክስል ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ከጤፍ ፍሬ ይበልጣል ማለት ነው። የፊደሉ ጠርዝ መሰላል ይመስላል። ደግሞም ባነር ማተሚያው ሊያትም ሲል በራሱ ሶፍትዌር ፋይሉን ወደ ነጥብ ይለውጠዋል። ቀድመህ ስትለውጠው ያንኑ ሥራ በዝቅተኛ ጥራት ሠራህለት።

የፎንት ጭንቀት ካለ ጽሑፉን ከርቭ ማድረግ፣ ማለትም ፊደሉን ወደ ቅርጽ መስመር መለወጥ ይሻላል። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። ከርቭ የተደረገ ፊደልም ዳግም አይተየብም፣ ግን ቬክተርነቱ አይለቅም፤ የፈለግኸውን ያህል ለጥጠው። ኮረልድሮው በሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም ላይ «ኮንቨርት ቱ ከርቭስ»፣ ፎቶሾፕ ላይ «ኮንቨርት ቱ ሼፕ» የሚለው ነው። ራስተራይዝ ማድረግ ግድ ከሆነብህ ደግሞ መጀመሪያ ኮንትሮልና ጄን ተጫን። የሌየሩ (ጽሑፉ ያለበት ንብርብር) ቅጂ ይወጣል። ቅጂውን ራስተራይዝ አድርግ፣ ዋናውን ደብቀህ አስቀምጠው።

የመሪጌታውን ባነር የሠራው ሰው ቅጂ አላስቀረም። ደግነቱ ጽሑፉ ከፎቶው ጋር አልተጣበቀም፤ ለብቻው ሌየር ላይ ነበር። ሌየሩን አጥፍቼ እንደ አዲስ ተየብሁት። ያ ያጌጠ ፎንት እኔ ጋ ስላልነበረ ቀረብ ያለውን መረጥሁ።

«የኔታ፣ አሁንስ?» አልኋቸው።

መነጽራቸውን አስተካክለው ቃሉን ፊደል በፊደል አነበቡት። «አሁን ሥርዐት ሆነ» አሉ።