የእጅ አንጓ ስብራት፦ ምልክቶቹና ሕክምናው

የእጅ አንጓ ስብራት በአብዛኛው የሚደርሰው ሰው ሲወድቅ ራሱን ለማዳን መዳፉን ዘርግቶ መሬት ሲደገፍ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ከሁለቱ የክንድ አጥንቶች በአውራ ጣት በኩል ያለው፣ ራዲየስ የሚባለው አጥንት ጫፍ ሲሆን፣ የደብሊኑ ቀዶ ሐኪም አብርሃም ኮሊስ ራጅ ከመገኘቱ 81 ዓመት አስቀድሞ፣ በ1814 እ.ኤ.አ. ስለገለጸው አንደኛው ዓይነት እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። አጥንታቸው የሳሳ አረጋውያን፣ በተለይም ሴቶች፣ ከቁመታቸው ባልበለጠ አወዳደቅ ሊሰበሩ ይችላሉ።

እብጠት፣ ሲነኩት የሚብስ ሕመም፣ መጨበጥ አለመቻልና የአንጓው መጣመም ዋና ምልክቶቹ ናቸው። «ጣቶቼ ስለሚንቀሳቀሱ ወለምታ ነው» ማለት ግን ያሳስታል፤ የተሰበረ አንጓ ጣቶችን ከማንቀሳቀስ ሁልጊዜ አያግድምና። በአውራ ጣት ሥር ባለው ጎድጓዳ ቦታ ሲጫኑት የሚያም ከሆነ ስካፎይድ የተባለው ትንሽ የአንጓ አጥንት መሰበሩ ሊጠረጠር ይገባል። ይህ ስብራት በመጀመሪያው ራጅ ላይታይ ስለሚችል፣ እጁ ታስሮ ከ10 እስከ 14 ቀናት በኋላ ምርመራው ይደገማል። የአጥንቱ ደም ስር ከአንድ ጫፍ የሚገባ በመሆኑ፣ ችላ ከተባለ ሌላው ክፍል ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል።

ከጉዳቱ በኋላ ቀለበትና አምባር ቶሎ ይወልቃሉ፤ እጁ ሳይታሽና ሳይጎተት በካርቶን ተደግፎ በነጠላ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ሐኪሙ የተዛባውን አጥንት በማደንዘዣ ቦታው መልሶ፣ እብጠቱ እስኪጎድል በግማሽ ጀሶ፣ ከዚያም በሙሉ ጀሶ ለ6 ሳምንታት ያህል ያስረዋል። ተመልሶ የሚንሸራተት ወይም መገጣጠሚያው ውስጥ የገባ ስብራት ብረት ሊገባለት ይችላል።

በኢትዮጵያ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚሄደው ሙያውን ብዙ ጊዜ ከቤተሰብ ወደ ወረሰ፣ በአካባቢው ወደሚታመን ወጌሻ ነው። እዚህ ላይ ከሁሉ የሚያስፈራው፣ በቀርከሃና በጨርቅ እጅግ ጠብቆ የታሰረ እጅ ደም ሲያጣ በጋንግሪን (በሥጋ መሞት) ተይዞ እስከ መቆረጥ መድረሱ ነው፤ ሕፃናትም ሳይቀሩ በዚህ እጃቸውን አጥተዋል። የጠበቀ ጀሶም ያንኑ አደጋ ያመጣል። ስለዚህ ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ እየበረታ ከሄደ፣ ጣቶች ሲዘረጉ ክፉኛ ካመመ፣ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ፣ ወይም ጥፍራቸው ከገረጣና ከጠቆረ፣ ማሰሪያው ሳይታደርበት በዚያው ሰዓት መላላት አለበት።