ግራንድ ስላም ካፕ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከ1990 እስከ 1999 ድረስ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀርመን፣ ሙኒክ ውስጥ ግራንድ ስላም ካፕ የሚባል የቴኒስ ውድድር ነበር። ዛሬ የለም። ስሙ በተነሳ ቁጥር ግን አብሮት የሚነሳው ስህተት ብዙ ነው። ውድድሩን ስለምወደው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

«አምስተኛው ግራንድ ስላም ነበር»

አልነበረም። ግራንድ ስላም የሚባሉት የቴኒስ ታላላቅ ውድድሮች አራት ብቻ ናቸው፦ የአውስትራሊያ፣ የፈረንሳይ፣ የዊምብልደንና የአሜሪካ። ካፑ በእነዚህ በአራቱ ጥሩ የሠሩትን ሰብስቦ የሚያፋልም ውድድር ነበር። ሲጀመር የሚጋበዙት 16 ወንዶች ነበሩ።

«የሚገቡት የግራንድ ስላም አሸናፊዎች ብቻ ነበሩ»

ሰውን ያሳሳተው ስሙ ነው። መግቢያው በአራቱ ውድድሮች የተገኘ ውጤት እንጂ ዋንጫ አልነበረም። የ1991 ሻምፒዮን ዴቪድ ዊተን በነጠላ ጨዋታ በግራንድ ስላም ፍጻሜ ተጫውቶ አያውቅም። በ1990 ፍጻሜ የደረሰው ብራድ ጊልበርትም በግራንድ ስላም ከሩብ ፍጻሜ አልፎ አያውቅም።

«የገንዘብ ጨዋታ ብቻ ነበር»

ይሄኛው እውነት የተቀላቀለበት ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ገንዘቡ በእርግጥ ጉድ ያሰኝ ነበር። በ1990 አጠቃላይ ሽልማቱ 6 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን የ19 ዓመቱ ፒት ሳምፕራስ ጊልበርትን አሸንፎ 2 ሚሊዮን ወሰደ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ኦፕንን ሲያሸንፍ ያገኘው 350 ሺህ ዶላር ነበር። ቦሪስ ቤከር ይህን ያህል ገንዘብ ነውር ነው ብሎ በመጀመሪያው ዓመት ሳይሄድ ቀረ። በ1996 ግን መጥቶ ዋንጫውን ወሰደ።

ለምን ይህን ያህል ተከፈለ? ከጀርባው ፉክክር ነበር። በ1990 የወንዶቹን ውድድር የተጫዋቾቹ ማህበር፣ ማለትም ኤቲፒ፣ ተረከበ። ኒውዮርክ ይካሄድ የነበረውን የዓመት መዝጊያ ትቶ የራሱን ፍራንክፈርት ላይ ጀመረ። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ከግራንድ ስላሞቹ ጋር ሆኖ የሰጠው ምላሽ ሙኒክ ነው። ከገቢውም በየዓመቱ 2 ሚሊዮን ዶላር በታዳጊ አገሮች ቴኒስን ለሚያሳድገው የግራንድ ስላም ፈንድ ይሄድ ነበር። ይህን የሚያነሳ ሰው ብዙም አይገኝም፤ ያሳዝነኛል።

ተጫዋቾቹስ ለብር ብቻ ነው የመጡት? 1993ን ተመልከቱ። ፔትር ኮርዳ በግማሽ ፍጻሜ ሳምፕራስን የገጠመው አምስት ዙር ሙሉ ነው። የመጨረሻው ዙር ማሳጠሪያ ታይብሬክ አልነበረውም፤ አንዱ በሁለት ጌም እስኪበልጥ ይቀጥል ነበር። 6 ለ 6፣ 8 ለ 8፣ 10 ለ 10 ... በመጨረሻ ኮርዳ 13 ለ 11 አሸነፈ። ፍጻሜው ላይ ደግሞ በገዛ አገሩ የሚጫወተውን ሚካኤል ሽቲክን እንደገና በአምስት ዙር፣ በመጨረሻው 11 ለ 9 ረታው። እንዲህ የሚፋለም ሰው ልቡ ብሩ ላይ ብቻ ነው ብሎ ማን ይላል?

«ነጥብ ስለሌለው ኤግዚቢሽን (የማሳያ ጨዋታ) ነው»

ለዓለም ደረጃ ነጥብ አይሰጥም ነበር፤ ልክ ነው። ዋንጫው ግን ዛሬ በኤቲፒ መዝገብ ይቆጠራል። ከሳምፕራስ 64 ዋንጫዎች ሁለቱ፣ የ1990ውና የ1997ቱ፣ የሙኒክ ናቸው።

«የወንዶች ብቻ ነበር»

ከ1998 ጀምሮ ሴቶችም ተጫውተዋል። የመጀመሪያዋ ሻምፒዮን ቬነስ ዊልያምስ ናት። በ1999 ቬነስ ፍጻሜ ላይ ያገኘችው ታናሽ እህቷን ሴሬናን ነበር። ሴሬና እስከዚያ ድረስ በፕሮፌሽናል ውድድር እህቷን አሸንፋ አታውቅም። የመጀመሪያውን ዙር 6 ለ 1 ወሰደች፣ ሁለተኛውን 6 ለ 3 ተነጠቀች፣ ሦስተኛውን በ6 ለ 3 ዘጋች። እህቷን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈችው በዚህ ውድድር ነው።

«ከስሮ ተዘጋ»

ተዋሐደ ማለት ይሻላል። ሁለት ተቀናቃኝ የዓመት መዝጊያ መኖሩ ማንንም ስላልጠቀመ፣ ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው በ2000 ሊዝበን ላይ ማስተርስ ካፕን ጀመሩ። የዛሬው የኤቲፒ ፍጻሜ የእሱ ተከታይ ነው።

የሙኒክ አሻራ በሕጉ ውስጥ አለ። በዓመቱ ግራንድ ስላም ያሸነፈ ተጫዋች ከምርጥ ስምንቱ ውጭ ቢሆንም፣ ከ20ዎቹ ውስጥ ካለ ቦታ ያገኛል። በ2001 ዊምብልደንን ያሸነፈው ጎራን ኢቫኒሴቪች ሲድኒ ላይ የተጫወተው በዚህ በር ገብቶ ነው። በ1995 የሙኒኩን ዋንጫ ያነሳውም እሱ ነበር።