አድሶርፕሽን፦ በገጽ ላይ ተይዞ መቅረት

አድሶርፕሽን የጋዝ ወይም በፈሳሽ ውስጥ የተሟሟ ነገር ሞለኪውሎች በአንድ አካል ገጽ ላይ ተይዘው የሚቀሩበት ክስተት ነው። በስም ከሚቀራረበው ከአብሶርፕሽን ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል። በአምቦ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በፈሳሹ ሁሉ ተሟሙቶ ስለሚገኝ አብሶርፕሽን ነው፤ አድሶርፕሽን ግን ከገጹ አያልፍም።

ክስተቱ ከስያሜው በፊት ይታወቅ ነበር። ስዊድናዊው ኬሚስት ካርል ሼሌ እ.ኤ.አ. በ1773 ከሰል ጋዝን እንደሚይዝ አስተዋለ። በ1785 ደግሞ በሴንት ፒተርስበርግ ይሠራ የነበረው ቶቢያስ ሎቪትስ ከሰል የፈሳሽን ቀለም እንደሚያጠራ አሳየ። ቃሉን በ1881 በጽሑፍ ያዋለው ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃይንሪሽ ካይዘር ሲሆን፣ ሐሳቡን ያቀረበለት የፊዚዮሎጂ ሊቁ ኤሚል ዱ ቧ ሬይሞን ነው። ሥሩ ላቲን ነው፤ «ሶርቤሬ» መማግ ወይም መምጠጥ ማለት ሲሆን፣ «አድ» የሚለው መነሻ ቅጥያ «ወደ» የሚል ትርጉም ይሰጠዋል። የአንዲት ፊደል ለውጥ ብትመስልም ትልቅ ጉዳይ ለይታለች፤ ነገሩ የሚያዘው በአካሉ ውስጥ ሳይሆን በገጹ ላይ መሆኑን የምትጠቁመው እርሷ ናት።

ገጹ ለምን ይይዛል? በአካሉ ውስጥ ያለ አቶም በየአቅጣጫው በጎረቤቶቹ ይሳባል። ገጹ ላይ ያለው ግን በአንድ ወገን ጎረቤት የለውም፤ ስለዚህ የተረፈው የመሳብ ኃይል በአጠገቡ የሚያልፈውን ሞለኪውል ይጎትታል። መያዣው ደካማ ሲሆን አካላዊ፣ ኬሚካላዊ ትስስር ሲፈጠር ደግሞ ኬሚካላዊ አድሶርፕሽን ይባላል። አሜሪካዊው ኧርቪንግ ላንግሚር ሞለኪውሎቹ የአንድ ሞለኪውል ውፍረት ባለው ንጣፍ እንደሚደረደሩ በሒሳብ አሳይቶ፣ በገጽ ኬሚስትሪ ምርምሩ በ1932 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

ለማጣሪያነት የሚዘጋጅ ከሰል በእንፋሎት ወይም በኬሚካል ተሠርቶ እጅግ ደቃቅ ቀዳዳዎች እንዲበዙበት ይደረጋል። በዚህም አንድ ግራሙ ብቻ ከ500 እስከ 1,500 ካሬ ሜትር የሚደርስ ገጽ ይኖረዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭምብል የተሠራው በዚሁ ነው። በየሆስፒታሉ የምናየው ኦክስጅን ማምረቻ መሣሪያም ዚዮላይት በተባለ ማዕድን ናይትሮጅኑን ከአየር ላይ እየያዘ ኦክስጅኑን ያሳልፋል።

ለእኛ ቅርቡ ምሳሌ ስምጥ ሸለቆ ነው። እዚያ የከርሰ ምድር ውሃ ከእሳተ ገሞራ ዐለት ብዙ ፍሎራይድ ስለሚያገኝ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፣ አጥንትም ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። አንዱ መፍትሔ ውሃውን በአጥንት ከሰል ማሳለፍ ነው፤ ፍሎራይዱ በከሰሉ ገጽ ላይ ይያዛል። ገጹ ሲሞላ ግን ማጣሪያው ውሃውን እንዳለ መልቀቅ ይጀምራል፤ ከሰሉ በኮስቲክ ሶዳ መታጠብ ወይም መለወጥ አለበት። በውሃ ውስጥ ያለ ፍሎራይድ በማየትም በማሽተትም ስለማይለይ፣ ጊዜው መድረሱ የሚታወቀው ውሃውን በመመርመር ብቻ ነው።