ፒያሳን ጣሊያን አልሠራትም፦ ስለ አዲስ አበባ አሮጌ ቤቶች የምንሳሳታቸው ነገሮች

በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ፒያሳ ያለው የዶሮ ማነቂያ ሰፈርና አካባቢው ሲፈርሱ አዲስ አበቤ ለሁለት ተከፍሎ ከረመ። አንዱ «ታሪካችን ፈረሰ» ይላል፤ ሌላው «ምን ታሪክ አለው፣ የተጣበበ ሰፈር ነው» ይላል። ከሁለቱም ወገን የሰማኋቸው አንዳንድ አባባሎች ዛሬም ስለ ሌላ ሰፈር ሲወራ እንደገና ብቅ ይላሉ። እየመረጥኩ ላንሳቸው።

«ፒያሳ የጣሊያን ሥራ ናት፤ ብትፈርስስ?»

ስሟ የጣሊያን ነው፣ ሰፈሩ ግን አራዳ ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ወደ ሠላሳ ዓመት ሆኖት ነበር። የከተማዋ ዋና ገበያ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም ነበር። ሕንዶች፣ አርመኖችና ግሪኮች ሱቅ ከፍተው፣ መኳንንቱ ባለ ሰገነት ቤት አሠርተው፣ አናጢውና ግንበኛው ከየአገሩ ያመጣውን ሙያ ከአገሬው እጅ ጋር አዋሕዶ አራዳ አራዳ ሆናለች። ሚናስ ኸርቤኪያን የተባለው አርመናዊ የሠራቸው ቤቶችም የዚያ ዘመን ናቸው።

ጣሊያን የጨመራቸው ሕንፃዎች አሉ፣ አይካድም። ይበልጥ አሻራውን የተወው ግን ባፈናቀለው ነው። ነጩን ከጥቁሩ ለመለየት ባወጣው ፕላን የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንስቶ ወደ ምዕራብ ወሰደው፤ መርካቶ የምንለው ያን ነው። እንግዲህ በፒያሳ «የጣሊያን ሥራ» የሚባል ነገር ከተፈለገ፣ የአራዳን ሰው በፕላን ስም ከቦታው ማንሳት አንዱ ነው።

«ጭቃ ቤት ደግሞ ምን ቅርስ ይሆናል?»

ቅርስ ሲባል ላሊበላንና የጎንደርን ግንብ ብቻ የምናስብ ብዙ ነን። የአዲስ አበባ የመጀመሪያ ዘመን ቤቶች ግን አብዛኞቹ የእንጨትና የጭቃ ናቸው፤ ግድግዳው በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ዙሪያው የተፈለፈለ የእንጨት በረንዳ፣ ላዩ ቆርቆሮ። ይህ አሠራር ራሱ የከተማዋ ታሪክ ነው። በምኒልክ ዘመን የማገዶና የቤት እንጨት አልቆ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ነበር። አዲስ አበባን እዚህ ያስቀራት በፍጥነት የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው።

ጭቃ ይፈርሳል የሚባለውም ግማሽ እውነት ነው። የጭቃ ግድግዳ ጠላቱ ዕድሜ ሳይሆን ውኃ ነው። ጣሪያው እስካላፈሰሰና ምርጊቱ በየጊዜው እስከታደሰ ድረስ መቶ ዓመት ይቆማል። አንድ ቆርቆሮ ተበስቶ ሁለት ክረምት ካለፈበት ግን ማገሩ ይበሰብሳል፣ ቤቱም ጎኑን ይሰጣል። የአንድን አሮጌ ቤት ጤና ማወቅ የፈለገ ግድግዳውን ትቶ መጀመሪያ ወደ ጣሪያው ያንጋጥጥ።

«ነዋሪው ነው ያበላሸው»

ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ የቀበሌ ቤት ኖረው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ወደ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. እንመለስ። የደርግ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሚደርሱት ቤቶች ለቀበሌ ሲሰጡ ከዚያ በላይ ያሉት ወደ መንግሥቱ የኪራይ ቤቶች ድርጅት ሄዱ። ኪራዩም በአዋጅ ተቀነሰ። ለድሃ ተከራይ እፎይታ ነበር፣ ዛሬም ሲያመሰግኑ የሚውሉ አሉ።

ቤቶቹን ግን ጠጋኝ አሳጣቸው። የአንድ መኳንንት ወይም የአንድ ነጋዴ መኖሪያ ተከፋፍሎ ለብዙ አባወራ ታደለ። ሳሎኑ በኮምፔንሳቶ ተከፈለ፣ በረንዳው ኩሽና ሆነ፣ ግቢው ሰርቪስ በሰርቪስ ሞላ። ቀበሌው ይሰበስብ የነበረው ኪራይ ምስማር እንኳ አይገዛም ነበር። ተከራዩ በራሱ ገንዘብ ላድስ ቢል ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ቢፈቀድለትም ነገ «ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ተይዟል» ሊባል ይችላል። በሰው ቤት፣ ነገ በሚፈርስ ጣሪያ ላይ ማን ቆርቆሮ ይመታል?

ስለዚህ «በእርጅና ፈረሰ» የሚባለው ቤት ብዙ ጊዜ የፈረሰው ባለቤትም ተከራይም ሊጠግኑት በማይችሉበት ሕግ ነው። ይህን ሳያነሱ ስለ ቅርስ ማውራት፣ ስለ በሽተኛው ልብስ እያወሩ በሽታውን እንደ መተው ነው የምቆጥረው።

«ከተመዘገበ ማንም አይነካውም»

ቢሆን ጥሩ ነበር። የ1992ቱ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 የማይንቀሳቀስ ቅርስ ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ከቦታው እንዳይነሳ ይከለክላል፤ ቅርስ ማጥፋትንም ወንጀል ያደርጋል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 91 ላይ ታሪካዊ ቦታዎችን የመጠበቅ ግዴታ በመንግሥትም በዜጋም ላይ ይጥላል። በወረቀት ምንም አልጎደለም።

ችግሩ መዝገቡና ካርታው የሚቀመጡት በተለያየ ጠረጴዛ ላይ መሆኑ ነው። የቅርሱ ዝርዝር በከተማው የባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ፣ ብሔራዊው በቅርስ ባለሥልጣን ዘንድ ነው። መሬቱ በመሬት ቢሮ፣ የሕንፃው ከፍታ በፕላን፣ የማፍረሱና የመገንባቱ ፈቃድ ደግሞ በሌላ ክፍል ይወሰናል። በሊዝ ዘመን መሬት የከተማ ገቢ ነው፤ ቅርስ ግን ለቢሮው ደብዳቤ ከማጻፍ በቀር ገቢ አያስገባም። ሁለቱ ሲጋጩ የትኛው ጠረጴዛ እንደሚሰማ መገመት አያቅትም።

«አሮጌ ቤት ይዘን እንዴት እንለማለን?»

የአፍሪካ አዳራሽን እንይ። በጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ነው። የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ታድሶ፣ ዘመናዊ የስብሰባ ዕቃ ገብቶለት በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ። የምኒልክ ቤተ መንግሥትም ታድሶ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ አንድነት ፓርክ ተብሎ ለሕዝብ ተከፍቷል። ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. ከፊሉ በእሳት ቢጎዳም እንግዳ መቀበሉን አልተወም። ሐረር ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ነዋሪው ከግንቡ አልወጣም፤ ቡናው ይቆላል፣ ገበያው ይደምቃል።

ማደስ እንደሚቻል ያሳየው ራሱ መንግሥት ነው። ስለዚህ «አይቻልም» የሚለውን ትተን ቤተ መንግሥት ሲታደስ የነጋዴና የሠራተኛ ቤት የማይታደሰው ለምንድን ነው ብንል ይሻላል። ይህን ስል ዶሮ ማነቂያ እንዳለ ይቀመጥ ማለቴ አይደለም። አንድ ሽንት ቤት ሃያ አባወራ በሚጋራበት ግቢ ኑሮ ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል።

«የቤቱ ፊት ከቆመ ይበቃል»

አይበቃም። ኋላው ተቦድሶ አሥራ አምስት ፎቅ የተደገፈበት በረንዳ ለፎቶ ይሆናል እንጂ ቤት አይሆንም።

«ውሳኔው ከላይ ነው፤ ወረዳ ሄጄ ምን አመጣለሁ?»

ብዙው ከላይ ነው፣ አልዋሽም። አዲስ አበባ ራሷን የማስተዳደር ሥልጣን ቢኖራትም ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት መሆኑን ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 ላይ ጽፎታል። ሆኖም የሰፈር ዕጣ የሚታወቀው አፍራሽ ማሽን ሲመጣ አይደለም፤ ከዓመታት በፊት የአካባቢ ልማት ፕላን ሲሳል ነው። የትኛው መንገድ ይሰፋል፣ የትኛው ግቢ ስንት ፎቅ ይፈቀድለታል የሚለው እዚያ ላይ በቀለም ተቀብቶ ያልቃል። የነዋሪ ስብሰባ ሲጠራ ግን የሚነሳው ስለ ካሳና ስለ ምትክ ቤት ብቻ ነው፤ ቤቱ ሊፈርስበት የደረሰ ሰው ሌላ ምን ይጠይቅ? ፕላኑ ገና ረቂቅ ሳለ ወረዳ ሄዶ «ካርታውን አሳዩን፣ በቅርስነት የተመዘገቡት ቤቶች እዚህ ላይ የታሉ?» የሚል ግን ጥቂት ነው።