ስምዖን የታቀፈው ብርሃን

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ለብዙዎቻችን በዓል ያለቀ ይመስለናል። የሀገር ልብሱ ታጥቦ ይታጠፋል፤ ከዚያ ሐሳባችን ቀጥታ ወደ ዐቢይ ጾም ይሄዳል። በመካከል ግን ድምፁን ያጠፋ አንድ በዓል አለ። ከታኅሣሥ 29 ጀምራችሁ ቁጠሩ። የካቲት 8 ላይ 40 ቀን ይሞላል። ጌታ በ40 ቀኑ ወደ ቤተ መቅደስ ተወስዶ አረጋዊው ስምዖን የታቀፈበት፣ ልደተ ስምዖን የተባለው በዓል ነው።

ከዘጠኙ ንዑሳን የጌታ በዓላት አንዱ ነው። ንዑስ ስለተባለ ግን አትናቁት። በ4ኛው መቶ ዘመን ኢየሩሳሌምን ልትሳለም የሄደች ኤገሪያ የተባለች ሴት፣ 40ኛው ቀን እዚያ ልክ እንደ ፋሲካ በታላቅ ደስታ ሲከበር አይታ ጽፋለች። ከጊዜ በኋላ ምእመናን ሻማ ይዘው መዞር ጀመሩ። ምዕራባውያን ዛሬም ፌብሩዋሪ 2 ቀን ሻማ ይባርኩበታል። አውሮፓ የምትኖሩ አይታችሁ ይሆናል።

ሻማው የመጣው ከአንድ አረጋዊ ቃል ነው። «ለአሕዛብ ሁሉን የሚገልጥ ብርሃን» አለ ስምዖን፣ ሕፃኑን ታቅፎ (ሉቃ. 2፥32)።

ትውፊታችን እንዲህ ይላል። ስምዖን መጻሕፍትን ወደ ግሪክ ቋንቋ ከተረጎሙት ሊቃውንት አንዱ ነበር። «ድንግል ትፀንሳለች» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ተጠራጠረ። ይህን ሳታይ አትሞትም ተባለ። ዕድሜው ገፋ፣ ዓይኑም ፈዘዘ። ጌታን ሲታቀፍ ግን ዓይኑ በራ፣ ሰውነቱም ታደሰ። እንግዲህ ነገሩን አስተውሉት፦ ሰውዬው «አሁን ባሪያህን በሰላም ታሰናብተዋለህ» ብሎ መሄጃውን ነው የለመነው። ቤተ ክርስቲያን ግን ቀኑን ልደቱ ብላ ጠራችው።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ያየው ነገር ማነስ ነው። የ40 ቀን ሕፃን ነው። ገና አልሰበከም። ሽባ አልተረተረም፣ ዕውር አላበራም፣ መስቀሉም ሩቅ ነው። ሕፃኑን ይዘው የመጡት እመቤታችንና ዮሴፍም ድሆች ናቸው። ሕጉ ከወለደች እናት ጠቦት ይጠይቅ ነበር፤ አቅም ላጣ ግን ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ጫጩት ይበቃል (ዘሌ. 12፥8)። ሉቃስ የሚያነሣው ይህን የድሃ መሥዋዕት ነው። በዚያ ሁሉ መቅደስ ሕፃኑን እንዳወቁ የተጻፈላቸውም ሁለት አረጋውያን ብቻ ናቸው፤ ስምዖንና ነቢይቱ ሐና።

ስምዖን ግን «ዓይኖቼ ማዳንህን አይተዋል» አለ። አያለሁ አላለም፤ አይተዋል ነው ያለው። እኛ ብንሆን «እስኪ ይደግና እናያለን» ነበር የምንል። ጸሎታችን እኮ እንዲህ ነው። ሥራው ይገኝ፣ ቪዛው ይምጣ፣ በሽተኛው ይዳን፣ ከዚያ እናመሰግናለን። ስምዖን ጅማሬውን ታቅፎ ፍጻሜውን አመሰገነ።

ታዲያ ንግግሩ እዚያ ላይ አላበቃም። ለእመቤታችን «በነፍስሽ ሰይፍ ያልፋል» አላት፤ «የብዙዎች ልብ አሳብ ይገለጥ ዘንድ»ም አለ። ይህን ክፍል በስብከት ብዙ አንሰማውም፤ ጣፋጭ አይደለማ። መብራት ጠፍቶ አምሽቶ ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ልጆች «መጣ!» ብለው ይጮኻሉ። ቀጥሎ የሚታየው ግን ያልታጠበው ሳህንና በጨለማ የደፋነው ወጥ ነው። ክርስቶስም ሲገባ እንዲሁ ነው። መንገዱንም ያሳየናል፣ የደበቅነውን ቂምም ያሳየናል። መጀመሪያውን ወደን ሁለተኛውን ስንሸሽ ነው ሻማው በእጃችን እየነደደ ልባችን ጨለማ የሚሆነው።

ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና የምናስነሣው በዚሁ በኦሪቱ ቀን ነው። በቅርቡ አንድ ክርስትና ላይ ነበርኩ። ገና ጎህ እየቀደደ ነበር፣ ብርዱ አይጣል ነው። ሕፃኑ ከተጠመቀ በኋላ ነጭ ተጠቅልሎ ሲያለቅስ አያቱ ተቀበሉት። በአንድ እጃቸው ጧፍ ይዘዋል፤ ሰሙ ጣታቸው ላይ ይንጠባጠባል፣ እሳቸው ግን ልብ አላሉትም። ዓይናቸው ሕፃኑ ላይ ነው። «ተመስገን፣ አየሁ» ይላሉ ቀስ ብለው፣ ደጋግመው።