ሊቤሮ ምንድን ነው? ነፃው ተከላካይና ቤቱን የጠበቀለት ሰው

ፌርማታ የሚለውን ቃል ያወረሰን ጣሊያንኛ፣ ለእግር ኳስ ደግሞ «ሊቤሮ»ን ሰጥቷል። ትርጉሙ «ነፃ» ነው። ከምን ነፃ? ከሰው። አጭሩ መልስ ይሄ ነው። ረጅሙ ግን የበለጠ ይጥማል፤ ሁለት የሙኒክ ልጆች አሉበት።

እስቲ ወደ 1960ዎቹ እንመለስ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዘመን መከላከል ማለት በአብዛኛው ሰው በሰው መያዝ ነበር። አሰልጣኙ «ያንተ 9 ቁጥሩ ነው» ካለህ አለቀ። ወደ ግራ ከሄደ አብረኸው ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ከሄደ አብረኸው ወደ ቀኝ። 90 ደቂቃ ሙሉ ጥላው ነህ። ይህ አያያዝ ግን አንድ ትልቅ ቀዳዳ አለው። ተከላካዩ አንዴ ከተሸወደ በአጥቂውና በበረኛው መሀል ማንም የለም።

ሊቤሮ የመጣው ያንን ቀዳዳ ለመድፈን ነው። ከተከላካዮቹ ሁሉ ኋላ ይቆማል። የሚይዘው ሰው የለውም። ያመለጠ ኳስ ያነሳል፣ ለተሸወደ ጓደኛው ይደርሳል። ሐሳቡ በ1930ዎቹ ስዊዘርላንድ ውስጥ በአሰልጣኝ ካርል ራፓን ቡድኖች ታይቶ ነበር። በ1960ዎቹ ደግሞ የአሰልጣኝ ሄሌኒዮ ሄሬራ ኢንተር ሚላን አርማንዶ ፒኪን እዚያ ቦታ አቁሞ በ1964 እና በ1965 የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫን ወሰደ። የዚያን ጊዜው ሊቤሮ ግን ጠራጊ ነው። ኳሱን ያወጣል፣ ተመልሶ ቦታው ላይ ይቆማል። በቃ።

ቦታውን ከሥሩ የቀየረው ፍራንዝ ቤከንባወር ነው። በ1945 ሙኒክ ጊሲንግ ሰፈር የተወለደ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ልጅ። በ1964 ለባየርን ሙኒክ መጀመሪያ ሲሰለፍ በግራ ክንፍ ነበር። በ1966ቱ የዓለም ዋንጫ በአማካይነት ተጫውቶ 4 ጎል አግብቷል። ወደ ኋላ የመጣው እንግዲህ የፊቱን ሜዳ አሳምሮ ካወቀ በኋላ ነው። የኢንተሩ ግራ ተከላካይ ጃቺንቶ ፋኬቲ ወደ ፊት እየወጣ ሲያጠቃ ማየቱ ሐሳቡን ቀሰቀሰለት። የመስመር ተከላካይ ይህን ከቻለ የመሀሉ ለምን አይችልም? እንዲያውም ለመሀሉ ግራም ቀኝም ክፍት ነው።

ዘዴው እዚህ ጋ ነው። ሁሉም ሰው በሰው ከተያያዘ፣ ሊቤሮውን የሚይዝ አይኖርም። ቤከንባወር ኳሱን ይዞ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ሲወጣ ተጋጣሚዎቹ ይቸገራሉ። ማን ይግጠመው? አንዱ አማካይ የራሱን ሰው ትቶ ከመጣ፣ የተተወው ሰው ነፃ ይሆናል። ኳሷም በቤከንባወር ቀኝ እግር ውጪያዊ ክፍል ተመትታ እዚያው ነፃው ሰው እግር ሥር ትደርሳለች። ማንም ካልመጣ ደግሞ ዝም ብሎ እየነዳ ይሄዳል፤ ከአጥቂው ጌርድ ሙለር ጋር አንድ ሁለት ተቀባብሎ ሣጥን ውስጥ ይገኛል። የመጨረሻው ተከላካይ የመጀመሪያው አጥቂ ሆነ ማለት ነው። በዚህ አጨዋወቱ በ1972 እና በ1976 የአውሮፓ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት የሆነውን ባሎን ዶርን ተሸልሟል።

ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። እሱ ወደ ፊት ሲወጣ ቤቱን ማን ይጠብቃል?

ሃንስ-ጌኦርግ ሽቫርትሰንቤክ። ጀርመኖች «ካቼ» ይሉታል። የኅትመት ሙያ የተማረ፣ ዝምተኛ የሙኒክ ልጅ ነው። የተጋጣሚን ዋና አጥቂ አንቆ ይይዛል፣ ቤከንባወር ትቶት የሄደውን ባዶ ሜዳ ይሸፍናል፣ ኳሱን ሲያገኝ መልሶ ለቤከንባወር ይሰጣል። ለባየርን 416 የቡንደስሊጋ (የጀርመን ሊግ) ጨዋታ ተጫውቷል። ለምዕራብ ጀርመን 44 ጊዜ ተሰልፎ የ1972ን የአውሮፓ ዋንጫና የ1974ን የዓለም ዋንጫ ከቤከንባወር ጋር አንስቷል። ስለ ሊቤሮ ሲወራ ስሙ እምብዛም አይነሳም። እኔ ግን ያለ ሽቫርትሰንቤክ ሊቤሮን ማስረዳት አይቻልም ባይ ነኝ። አንዱ ነፃ የሆነው ሌላው ስለታሰረለት ነው።

የታሰረው አንድ ቀን ተፈታ። ሜይ 15 ቀን 1974፣ ብራስልስ፣ ሄይሰል ስታዲየም። የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ፣ ባየርን ከአትሌቲኮ ማድሪድ። መደበኛው ሰዓት 0 ለ 0 አለቀ። በጭማሪው ሰዓት የአትሌቲኮው ሉዊስ አራጎኔስ በቅጣት ምት አገባ። 120ኛው ደቂቃ ላይ ቤከንባወር ኳሱን ለሽቫርትሰንቤክ አቀበለው። ማንም አልወጣበትም። እሱ ያገባል ብሎ ማን ይጠብቃል? ትንሽ ገፋ አድርጎ ከ25 ሜትር አካባቢ መታት። ኳሷ ዝቅ ብላ ሄዳ መረብ ነካች። 1 ለ 1! ከሁለት ቀን በኋላ ጨዋታው ተደገመና ባየርን 4 ለ 0 አሸነፈ። በ1975 እና በ1976ም ዋንጫው እዚያው ሙኒክ ቀረ። ይህን ጎል ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል።

ሊቤሮ የሚባለው ቦታ ራሱ አሁን የለም ማለት ይቻላል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የአሰልጣኝ አሪጎ ሳኪ ሚላን ሰው ሳይሆን ቦታ እየያዘ፣ ተከላካዮቹን በአንድ መስመር አሰልፎ ወደ ፊት መግፋት ጀመረ። በእንዲህ ያለ አሰላለፍ ውስጥ አንድ ሰው ከመስመሩ ኋላ ከቆመ አጥቂውን ከጨዋታ ውጪ ከመሆን ያድነዋል። ሊቤሮ ጥቅሙ ቀርቶ ጉዳት ሆነ። ጀርመኖች ግን ቶሎ አልተዉትም። ማቲያስ ሳመር በዚሁ ቦታ እየተጫወተ በ1996 ባሎን ዶርን አገኘ። በ2000ው የአውሮፓ ዋንጫ የ39 ዓመቱ ሎታር ማቴውስ ሊቤሮ ሆኖ ተሰለፈ፤ ጀርመን በአንድ ነጥብ ከምድቧ መጨረሻ ወጥታ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ቤከንባወር በ1977 ወደ ኒውዮርክ ኮስሞስ ሄዶ ከፔሌ ጋር ተጫወተ፤ በኋላም ከሃምቡርግ ጋር የ1982ን የቡንደስሊጋ ዋንጫ አነሳ። በ1984 ብሔራዊ ቡድኑን ሲረከብ የአሰልጣኝነት ፈቃድ ስላልነበረው «የቡድን አለቃ» የሚል ማዕረግ ተሰጠው። በ1986 በዓለም ዋንጫው ፍጻሜ ተሸነፈ። በ1990 ሮም ላይ አርጀንቲናን 1 ለ 0 ረታ። ያን ምሽት ተጫዋቾቹ ሲጨፍሩ እሱ ሜዳሊያውን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ብቻውን በሣሩ ላይ ይራመድ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቱ ሁሉ ብሩህ አልነበረም። የ2006ቱን የዓለም ዋንጫ አዘጋጅ ኮሚቴ መርቷል። በ2016 የስዊዘርላንድ ዐቃቤ ሕግ ከዚያው ዝግጅት ጋር በተያያዘ 6.7 ሚሊዮን ዩሮ ክፍያ ጉዳይ ምርመራ እንደከፈተበት አስታወቀ። ጥፋት የለብኝም አለ፤ ጉዳዩም በ2020 በይርጋ ታግዶ ያለ ፍርድ ቀረ። በ2015 ልጁን ሽቴፋንን በካንሰር አጥቶ ነበር። ልቡንም ታመመ። ጃንዋሪ 7 ቀን 2024 በ78 ዓመቱ አረፈ።

ሽቫርትሰንቤክስ? ጉዳት ደርሶበት ኳስ ካቆመ በኋላ ሙኒክ ውስጥ አው በሚባለው ሰፈር የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ይዞ እስከ 2008 ድረስ ሠራ። ጋዜጣ ይሸጣል፣ ደብተር ይሸጣል። ከደንበኞቹ አንዱ ባየርን ሙኒክ ነበር። ከ1994 እስከ 2009 የክለቡ ፕሬዚዳንት ቤከንባወር ነበር፤ ለክለቡ ቢሮ ወረቀትና እስክሪብቶ የሚያቀርበው ደግሞ ካቼ።