ሳግ ምንድን ነው? ፎርኩ ስለሰመጠ ላልቷል ማለት አይደለም

ፎርክ የሳይክልን የፊት ጎማ የሚይዘው፣ በውስጡ ባለ አየር ወይም ሞላ እየሰመጠ ንዝረት የሚያበርደው ሹካ ነው። «ሳይክሉ ላይ ስወጣ የፊት ፎርኩ 2 ሳንቲም ተኩል ይሰምጣል፤ ላልቶ ይሆን?» ተብሎ በተጠየቀ ቁጥር አንድ መልስ አይጠፋም፦ «ሳጉ እስኪጠፋ ንፋስ ሙላበት»። ይህ ምክር ስንት ደህና ፎርክ እንጨት አድርጓል። ሳግ የሚጠፋ በሽታ አይደለም፤ የሚለካና የሚስተካከል ነገር ነው።

ሳግ ማለት ነጂው በሙሉ ትጥቁ፣ ማለትም በሄልሜቱ፣ በጫማው፣ ውኃ በያዘ ቦርሳው ሳይክሉ ላይ ቆሞ ሳይንቀሳቀስ፣ በክብደቱ ብቻ ፎርኩ የሚሰምጠው መጠን ነው። ከፎርኩ ሙሉ ትራቭል፣ ማለትም መስመጥ ከሚችለው ጠቅላላ ርቀት፣ በመቶኛ ይሰላል። 120 ሚሊ ሜትር ትራቭል ባለው ፎርክ ላይ 20 በመቶ ሳግ 24 ሚሊ ሜትር ነው። ለዳገትና ለፍጥነት የሚነዳ ከ15 እስከ 20 በመቶ፣ እንጦጦና የካ ጫካ ውስጥ ለሚነዳ ከ20 እስከ 25፣ ቁልቁለት ብቻ ለሚፈልግ እስከ 30 ይሄዳል። ስለዚህ ከላይ የጠየቀው ሰው ፎርክ ባለ 120 ከሆነ ምንም አልሆነም።

«ለ120 ሚሊ ከፍዬ 24ቱን ለምን ገና ሳልነሳ እጨርሰዋለሁ?» የሚለው ክርክር ብልህ ይመስላል። የሚዘነጋው ግን ጎማ ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም መሄድ እንዳለበት ነው። ባዶ አይሱዙ ከሱሉልታ ሲወርድ ተመልከቱ። ባሌስትራው ለጭነት የተሠራ ስለሆነ ባዶውን አይተኛም፤ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር የኋላው ጎማ መሬት ለቆ ይዘላል፣ ፍሬን ሲያዝም ይንሸራተታል። ያው መኪና ልኩን አሸዋ ሲጭን ባሌስትራው ትንሽ ይተኛል። አሁን ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ባሌስትራው ተዘርግቶ ወደ ታች ይከተለዋል፤ ጉብታ ሲያገኝ ደግሞ ይታጠፍለታል። ከልክ በላይ ከጫነ ግን መታጠፊያው አልቆ ከሻንሲው ጋር ይላተማል። ሳጉን ያጠፋችሁት ፎርክ ባዶው አይሱዙ ነው፤ 40 በመቶ የሚሰምጠው ደግሞ ከልክ በላይ የጫነው። ሹፌሩ ያለው ምርጫ ጭነቱን መመጠን ብቻ ነው፤ የእናንተ ክብደት ግን የታወቀ ስለሆነ የምትመጥኑት ንፋሱን ነው። የክረምት ጎርፍ የቦረቦረው መንገድ ላይ፣ የባሕር ዛፍ ሥር መሐል ለመሐል ሲያቋርጠው፣ የፊት ጎማ መሬት የሚለቅበት እያንዳንዱ ቅጽበት መሪና ፍሬን የሌለበት ቅጽበት ነው።

ሱቅ ውስጥ መሪውን በእጅ ሁለት ጊዜ ጫን ጫን አድርጎ «ደንዳና ነው»፣ «ለስላሳ ነው» ማለት ስለ ሳግ ምንም አይናገርም። የእጅ ግፊት የሰው ክብደት አይደለም።

አለካኩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሎክአውቱን፣ ማለትም ፎርኩ እንዳይሰምጥ የሚቆልፈውን ቁልፍ፣ ክፈቱ፤ የአሰማመጡን ፍጥነት የሚገታ የኮምፕሬሽን ቁልፍ ካለውም ሙሉ በሙሉ ክፈቱት። በሚያብረቀርቀው ቱቦ ላይ ያለችውን ኦሪንግ (ቀጭን የጎማ ቀለበት)፣ ከሌለች ላላ ተደርጋ የታሰረች ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ፣ እስከ አቧራ መከላከያው ጎማ ድረስ አውርዷት። ግድግዳ ተደግፋችሁ ወይም ሰው ሳይክሉን ይዞላችሁ ፔዳሉ ላይ ቁሙ፤ ቁልቁለት ስትወርዱ እንደምትቆሙት ጉልበትና ክርን አጠፍ አድርጉ። ሦስት አራት ጊዜ ተወዛወዙና ጸጥ በሉ። ሰውየው ኦሪንጓን እንደገና አቧራ መከላከያው ድረስ ይግፋት፤ እናንተም ፍሬን ሳትይዙ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። ዘልሎ የወረደ ሰው የለካው ዝላዩን ነው። በኦሪንጓና በአቧራ መከላከያው መካከል ያለው ርቀት ሳጋችሁ ነው።

ካነሰ ንፋስ አውጡ፣ ከበዛ ጨምሩ፤ በአንድ ጊዜ ከ5 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) አትለፉ። ፓምፑ የሾክ ፓምፕ፣ ማለትም ለፎርክና ለሾክ የተሠራ ጌጅ ያለው የእጅ ፓምፕ፣ መሆን አለበት። የፎርኩ ቫልቭ ከመኪና ጎማ ቫልቭ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ልክ ይገጥምለታል፤ ችግሩም ይኸው ነው። የፎርኩ አየር ክፍል ጠባብ ስለሆነ ኮምፕሬሰሩ በቅጽበት ከልክ ያሳልፈዋል። ከሞላችሁ በኋላ ፎርኩን አሥር ጊዜ ያህል አሽሹት፤ ውስጥ ያሉት ሁለት የአየር ክፍሎች ግፊታቸውን የሚያስተካክሉት ያኔ ነው፤ ጌጁም ዝቅ ይላል። ይህን ሳታደርጉ የለካችሁት ሳግ ውሸት ነው። ፓምፑ ሲነቀል የሚሰማው «ፍስስ» አብዛኛውን ጊዜ የፓምፑ ቱቦ ንፋስ እንጂ የፎርኩ አይደለም፤ ስለዚህ «ለሚወጣው» ብላችሁ አስበልጣችሁ አትሙሉ። መነሻው ግፊት ስንት እንደሆነ ለማወቅ ብዙውን ጊዜ ፎርኩ እግር ላይ የተለጠፈውን የክብደት ሠንጠረዥ እዩ፤ የጓደኛችሁ ቁጥር ለጓደኛችሁ ነው።

ሳጉ ልክ ሆኖ ፎርኩ ትልቅ ድንጋይ ላይ መጨረሻው ድረስ ሄዶ የሚመታ ከሆነስ? ብዙ ሰው ወደ ንፋስ የሚመለሰው እዚህ ነው፤ ሳጉንም የሚያበላሸው እዚሁ። የመጨረሻው ሩብ የሚደነድነው አየር ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ቦታውን በሚያጠብ ቶክን በሚባል ቁራጭ ነው። አንድ ጨምሩና ሞክሩ። ንፋሱን ሳታወጡ ግን ካፑን እንዳትፈቱ።

በአየር ፋንታ በሞላ የሚሠራ ፎርክ ላይ ያለው፣ ሞላውን አስቀድሞ የሚጫነው የፕሪሎድ ቁልፍ ሌላው የክርክር ምንጭ ነው። ቁልፉ ሞላውን አያደነድነውም፤ ፎርኩ መስመጥ የሚጀምርበትን ጉልበት ብቻ ከፍ ያደርጋል። ጥቂት ሚሊ ሜትር ሳግ ያስተካክላል፣ ከዚያ አያልፍም። ቁልፉ መጨረሻ ደርሶ ሳጉ አሁንም 40 በመቶ ከሆነ ሞላው ለክብደታችሁ ስላልሆነ በጠንካራ ይቀየራል። ካልተገኘ ለዚያ ፎርክ ገንዘብ አትጨምሩ።

አንድ ያልተጠየቀ ነገር፦ አዲስ አበባ ላይ የውጭው አየር ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ገደማ ያንሳል። ዝቅ ያለ አገር ተገጣጥሞ የመጣ ፎርክ ታችኛው እግሩ ውስጥ የዚያን አገር አየር ይዞ ይመጣል፤ እዚህ ሲደርስ ውስጡ ይወጠራል። ምልክቱ ሳጉ ልክ ሆኖ ፎርኩ ሻካራ መሆኑና ሙሉ ትራቭሉን አለመስጠቱ ነው። ከታችኛው እግር ጀርባ የአየር መልቀቂያ ቁልፍ ካለ ፎርኩ ተዘርግቶ እያለ ተጫኑት። ከሌለ አካባቢውን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉና ቀጭን ለስላሳ የፕላስቲክ ማሰሪያ በአቧራ መከላከያው ጎማ ሥር ቀስ አድርጋችሁ አስገቡ፤ ትንሽ ትፍ ይላል። ካቻቢቴ እንዳትሞክሩ፤ ቱቦው ከተጫረ ዘይት ማፍሰሱ አይቀርም።

ገና ለመግዛት የምታስቡም ሳግን ከትራቭል ቁጥሩ ጋር አብራችሁ አስቡት። ለ100 ሚሊ የተሠራ ፍሬም ላይ 140 መግጠም ሳጉን ጨምራችሁለትም ፊቱን ያነሳዋል፤ ፎርኩ በ20 ሚሊ በረዘመ ቁጥር የመሪው ማዕዘን በ1 ዲግሪ ገደማ ይተኛል፤ ዳገት ላይ የፊት ጎማው ይቀልላል፣ ፍሬሙም አንገቱ ላይ ይጨነቃል። ፍሬሙ ከተሠራበት ከ20 ሚሊ በላይ አትለፉ።

ሪባውንድ፣ ማለትም ፎርኩ ከሰመጠ በኋላ የሚመለስበት ፍጥነት፣ የሚነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ንፋስ የጨመረ ፎርክ በበለጠ ጉልበት ስለሚመለስ ንፋሱን በቀየራችሁ ቁጥር የሪባውንዱን ቀይ ቁልፍም እንደገና ማየት አለባችሁ፦ ንፋስ ከጨመራችሁ አንድ ሁለት ጠቅታ ወደ ኤሊው ሥዕል (ዝግታ)፣ ከቀነሳችሁ ወደ ጥንቸሉ (ፍጥነት)።